«ይበለው!» ከማለታችን በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ቦንጋ ከተማ ውስጥ፣ በጊምቦም በዴቻም፣ በአዲዮም በጨናም ሆናችሁ ለምታዳምጡን የከፋ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ መታለል ነው። ስለ አጭበርባሪዎች ስልት በየጊዜው ይነገራል፤ ፖሊስ ያስጠነቅቃል፣ ባንክም መልእክት ይልካል። እኛ ዛሬ ዓይናችንን ወደ ሌላ ወገን እንመልስ። ሰው ሲታለል ዙሪያውን ከብበን የምናየው፣ የምንስቀው፣ የምንፈርደው እኛ ምን እያደረግን ነው?

ወሬው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይደርሰናል። ለአንዲት እናት ስልክ ይደወላል። የረጋ፣ ጨዋ ድምፅ ነው። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል። ብሩን እንድናስገባልዎ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልን።» ያነባሉ። ለልጅ ትምህርት ያስቀመጡት ገንዘብ ከቴሌብር ሒሳባቸው በደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ማታ ጎረቤት ለቡና ሲሰባሰብ ነገሩ ይነሣል። አቦሉ ላይ «ምነው እንዲህ ይሞኛሉ!» ይባላል። ቶናው ላይ እያንዳንዱ እሱ ቢሆን ኖሮ ለዚያ ደዋይ ምን ብሎ እንደሚመልስለት ይተርካል። በረካው ላይ «ይበላቸው፤ ሳይለፉ ማግኘት አምሯቸው ነው» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ደዋዩን የረገመ ሰው የለም። እንዲያውም አንዱ «ግን እኮ ሰውየው ጮሌ ነው!» ብሎ አድንቆታል።

ይህ የተገለበጠ ፍርድ ነው። ሌባው አድናቆት አተረፈ፤ የተሰረቀችው ገንዘቧንም ስሟንም አጣች። እንዲህ የምንፈርደው ክፉዎች ስለሆንን ነው ብዬ ግን አላምንም። ፈርተን ነው።

ነገሩን በጥናት የመረመረ ሜልቪን ለርነር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ካሮሊን ሲመንስ ከተባለች ባልደረባው ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። የኮሌጅ ተማሪዎች አንዲት ወጣት ሴት ጥያቄ በተሳሳተች ቁጥር በኤሌክትሪክ ስትነዘር በቴሌቪዥን እንዲያዩ ተደረገ። መነዘሩ የውሸት ነበር፤ ሴትዮዋም እያስመሰለች ነው፤ ተመልካቾቹ ግን ይህን አያውቁም። ሥቃይዋ እንደሚቀጥልና ምንም ሊያደርጉላት እንደማይችሉ የተነገራቸው ተማሪዎች ሴትዮዋን ማጣጣል ጀመሩ። የማትረባ፣ የማትወደድ አድርገው ገመገሟት። ሥቃይዋን በድምፃቸው ማስቆም የተፈቀደላቸው ግን ያን ያህል አላጣጣሏትም።

ለርነር ከዚህ የደረሰበት ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ዓለም ፍትሐዊ ናት ብሎ ማመን ይፈልጋል፤ ደግ የሠራ ደግ ያገኛል፣ የተጎዳም አንድ ያጠፋው ነገር ይኖራል። ንጹሕ ሰው ያለ ጥፋቱ ከተጎዳ እኔም ነገ ልጎዳ እችላለሁ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል። ስለዚህ ጥፋት እንፈልግለታለን። «ሞኝ ስለሆነ ነው» ስንል «እኔ ሞኝ ስላልሆንኩ አይደርስብኝም» ማለታችን ነው። ይበለው የምንለው ራሳችንን ለማጽናናት ነው።

ግን መጽናኛው እውነት ነው ወይ? የሚታለለው ያልተማረው፣ ገጠሬው፣ ሽማግሌው ብቻ ነው ወይ?

በ2000 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጡብ ይልካል። ደቡብ አፍሪካውያኑ «የላካችሁልን ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ የተቀባ ብረት ነው» ብለው መለሱት። ባንኩ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሒሳብ ከፍሎ የገዛው ነበር። የገዛው ተቋም መርማሪ ባለሙያ፣ መዝገብ፣ ማኅተምና ጥበቃ የሌለው አልነበረም። የአገሪቱን ገንዘብ የሚያሳትመው ባንክ ብረትን በወርቅ ዋጋ ከገዛ፣ አንድ የዋቻ ወይም የሽሽንዳ ነዋሪ በስልክ ድምፅ ቢታለል የምንስቅበት ምኑን ነው?

ከአገር ወጣ ብለን ደግሞ አልባንያን እንይ። በዚያን ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበራት የአውሮፓ አገር ናት። ኮሙኒዝም ከወደቀ በኋላ «ገንዘባችሁን ስጡን፣ በየወሩ ብዙ ወለድ እንከፍላለን» የሚሉ ድርጅቶች እንደ አሸን ፈሉ። ለቀደመው የሚከፍሉት ከኋለኛው ተቀብለው ነበር። ሰው ቤቱን ሸጠ፣ ከብቱን ሸጠ። ድርጅቶቹ ለሕዝቡ ያለባቸው ዕዳ የአገሪቱን ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት ግማሽ ሊያክል ደረሰ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 መጀመሪያ ድርጅቶቹ መንኮታኮት ጀመሩ፤ አመፅ ተነሣ፣ መንግሥት ወደቀ፣ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። አንድ አገር ሙሉ ሞኝ ሊሆን አይችልም። ጎረቤቱ ሲከፈለው በዓይኑ ያየ፣ ባለሥልጣን ዝም ሲል የሰማ ሰው ማመኑ ምን ይገርማል? የእኛም ሕግ ነገሩን ያውቀዋል፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተብሎ በወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ሕግ «ሰው አምጣ፣ ባመጣኸው ሰው ልክ ትከፈላለህ» የሚለው የፒራሚድ ሽያጭ የተከለከለ ነው። ወደ ማኅበርተኛው፣ ወደ አማቹ፣ ወደ ክርስትና ልጁ እየሄደ የሚያስገባ ሰው ብታገኙ ይህን አስታውሱት። ብዙውን ጊዜ እሱ ራሱም ተታሎ የገባ ነው፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቀያችን እንመለስ። «ማንንም አትመን» የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል። ለከፋ ሰው ይህ ምክር ምን ያህል ይሠራል?

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው ደናችን ውስጥ ኮቦ የሚባለው የቆየ ሥርዓት አለ። ቤተሰቡ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ሌላው የማይደርስበት የታወቀ የደን ድርሻ ነው። ቀፎው ከቤት ርቆ፣ ከትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ዘበኛ ሳይኖረው ይከርማል። ባለቤቱ ማሩን ሊቆርጥ ሲሄድ እንደሚያገኘው አምኖ ነው። አጥር የለውም፤ ጎረቤት አለው። ሁሉም ሰው ሁሉንም ቢጠራጠር ኖሮ በዚህ ደን ውስጥ ማር የሚባል ምርት ባልኖረ ነበር። ደቦው፣ ዕቁቡ፣ ዕድሩም እንዲሁ ነው። ዕቁብ ላይ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ነገ ላይመጣ ይችላል፤ እኛ ግን እንሰጠዋለን።

ጁልያን ሮተር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰውን አብዝተው የሚያምኑና አብዝተው የሚጠራጠሩ ሰዎችን ያነጻጸሩ ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሯል። ሰውን የሚያምኑት ከተጠራጣሪዎቹ ይበልጥ አይታለሉም አለ። እነሱ ራሳቸው ደግሞ የሚዋሹትና የሚያጭበረብሩት ያነሰ ነው። እኔን ይህ ብዙም አልደነቀኝም። ገበያ ውስጥ ሁሉን ሰው ሌባ አድርጎ የሚያየው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሚዛኑን ሲነካ የሚያዝ ነው።

ሚዛን ካልን አይቀር ቡናው ላይ ትንሽ እንቆይ። ቀይ እሸት ቡና ከዛፉ ከወረደ በኋላ በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። ገበሬው ከመንደሩ ተሸክሞ ወይም በፈረስ ጭኖ ሰብሳቢው ዘንድ ሲደርስ ጊዜው ከሰዓት ሆኗል። ሚዛኑ የሰብሳቢው ነው። ቁጥሩን የሚያነበው ሰብሳቢው ነው። ሁለት ኪሎ ተቀሽቦበት እንደሆነ ገበሬው በትከሻው ያውቀዋል፤ ግን ምን ያደርጋል? መልሶ ይሸከመው? ለነገ ያሳድረው? «ለምን ዝም አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ቡናው ሲበላሽበት አብሮት የሚከስር አይደለም። ጀንፈል አድርጎ ቢያደርቀው መጠበቅ ይችላል እንላለን፤ ትክክል ነው፣ የሚችለው ግን እስኪደርቅ ድረስ ሌላ ገንዘብ ያለው ገበሬ ነው።

ከዚህ የከፋው በአበባ መሸጥ ነው። ክረምት ላይ ጎተራ ይሟጠጣል፤ መስከረም ሲጠባ ልጅ ለትምህርት ደብተር ይፈልጋል። ቡናው ገና አልደረሰም። በዚያን ጊዜ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል፤ «አሁን ይህን ያህል ልስጥህ፣ ስትለቅም ቡናውን ለኔ» ይላል። ዋጋው ከገበያው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ቢሆንም ገበሬው ይፈርማል። ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። በለቀማ ጊዜ ከለቅሶ ሌላ አማራጭ የሌለው ይመስለዋል። ጎረቤትም «ማን ፈርም አለህ?» ይለዋል።

አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ሕጉ እንደ ጎረቤታችን አይፈርድም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1710 ላይ አስደናቂ ነገር አለ። ውል አንዱን ወገን በብዛት ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል፤ ንግድ ንግድ ነውና። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ የእርጅና ድካም ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ልምድ ማነስ ተጠቅሞበት ያስፈረመው ውል ከሆነ፣ ፍትሕ ሲጠይቅ ዳኛ ሊያፈርሰው ይችላል። ልብ በሉ፤ እኛ «ሞኝ ስለሆነ ይበለው» የምንልበትን ምክንያት ሕጉ ለተጎዳው ሰው መከላከያ አድርጎ ሰጥቶታል። የዋህነቱ ጥፋቱ አይደለም፤ ጥፋተኛው በየዋህነቱ የነገደበት ሰው ነው። ብቻ ጊዜ አለው፤ እንዲህ ያለውን ክስ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ያው ሕግ አንቀጽ 1728 ላይ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል። ስንት ሰው ይህን ሳያውቅ በጓሮ በታተመ አሻራ ሲያለቅስ ኖሯል! ወረቀቱን ያሳየው ሰው «አሻራህ ይኸው» ሲለው አንገቱን የደፋ ስንት አለ!

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ደግሞ ማታለልን ራሱን ወንጀል አድርጎታል። የሐሰት ወሬ የነገረ፣ ማንነቱን የደበቀ፣ ሊገልጸው የሚገባውን የሸሸገ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፤ ሰውየው በራሱ ተሳስቶ ያመነውን ነገር አውቆ የተጠቀመበትም ጭምር ነው። ቅጣቱ ቀላል እስራት፣ ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። «እኔ ምን አደረግሁ፣ እሱ ራሱ አመነ» የሚለው መልስ ችሎት ፊት አያዋጣም።

እንግዲህ የተታለለው ሰው ምንም ኃላፊነት የለበትም ማለቴ ነው? አይደለም። የሚስጥር ቁጥርን ለሌላ ማንበብ ቤትን ከፍቶ ቁልፉን እንደ ማስረከብ ነው፤ ማንም እውነተኛ የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ አይጠይቅም፣ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው። አጣዳፊነት ሲበዛ፣ «ለማንም እንዳትናገር» ሲባል፣ ትርፉ ከድካሙ ጋር አልመጣጠን ሲል ስልኩን ዘግቶ ልጅን ወይም ጎረቤትን መጠየቅ ይቻላል። ይህ የራስ ድርሻ ነው። ነገር ግን ድርሻ እንደ አቅም ነው። ሚዛኑ በእጁ ያለው ከሚመዘንለት ይበልጥ ይጠየቃል። ሲም ካርድ የሚሸጠው፣ ሒሳብ የሚከፍተው፣ ፈቃድ የሚሰጠው ተቋም ከአንዲት ባልቴት የተሻለ የማጣራት አቅም አለው። የሁሉንም ጥፋት አቅም ባነሰው ሰው ትከሻ ላይ መጣል ኃላፊነትን ማስተማር አይባልም።

የዚህ ነገር ሌላ ገጽታም አለ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተበላሸና ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ጎረቤታችን ጅማም ወሬው ከደረሰባቸው ግቢዎች አንዱ ነበር። ባንኩ ኋላ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ተናገረ፤ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍም ደረሰ። ያን ሰሞን የሰማነውን እናስታውሰው። «ራሱ ባንኩ ነው የተሳሳተው፣ ምን አገባኝ!» ሲባል ነበር። ሳይገባው የተከፈለው ሰው መመለስ እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል፤ ይህ ብዙም አከራካሪ አይደለም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ያችን በስልክ የተታለለች እናት «ይበላት» ያለው አፍና ባንኩን «ይበለው» ያለው አፍ አንድ ነው። የተሳሳተ ሁሉ፣ ደካማም ሆነ ኃያል፣ ንብረቱ ለቀደመ ነው የሚል እምነት ነው። እንዲህ የሚያስብ ገበያ ውስጥ ማር ያለ ዘበኛ አይከርምም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ። ያለ ማስረጃ ማመን በገንዘብ ብቻ አይደለም። ለስልክ ደዋይ አምስት ሺህ ብር የሰጠው ሰው ለአንድ ደቂቃ ነው የተሞኘው። እኛ ግን በዚህ ዞን ለትውልድ ያመንነው፣ ማስረጃ ጠይቀንበት የማናውቀው፣ አንዱ ሰው ከሌላው ያንሳል የሚል ወሬ አለ። የማንጃ ማኅበረሰብ አባላት በአደን፣ ኋላም ማገዶና ከሰል በመሸጥ ሲኖሩ፣ በከፋ ነገሥታት ዘመን የአገሩን በሮች ከሚጠብቁት መካከል ሆነው ሲያገለግሉ፣ ሌላው ግን አብሯቸው ማዕድ አልቆረሰም፣ ቤቱ አላስገባቸውም፣ በጋብቻ አልተዛመዳቸውም። «ለምን?» ሲባል መልሱ «አባቶቻችን እንዲህ ነግረውናል» ነው። ለአባቶቻችን ማን ነገራቸው? አያቶቻችን። ሽልማት ደረሰዎት ያለው ደዋይ እንኳ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያቀርባል!

አንዱ «ያ ድሮ ቀረ» ይለኝ ይሆናል። ተለውጧል፤ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠዋል፣ ቤተ እምነቶችም በዚህ ላይ ሠርተዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ካለ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ግን ሲኒው ሲዞር፣ ለቅሶ ቤት ሰው ሲቀመጥ፣ ልጅ ለትዳር ሲታሰብ ያ የቆየ ወሬ ብቅ እንደሚል የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለልጆቻችን ስለ ስልክ አጭበርባሪ ስናስተምር ይህንንም «ማን ነገረህ? በምን አወቀ? ማን ተጠቀመበት?» ብለው እንዲጠይቁ ብናደርግ ትምህርቱ ይሟላል።

ይህን ወሬ ያነሣሁት ማንን እንደምናጣጥልና ማንን እንደምንረዳ ስለሚወስን ነው። የለርነርን ጥናት ላስታውሳችሁ፤ መርዳት የሚችሉት ያን ያህል አላጣጣሉም ብለናል። ስለዚህ ለመርዳት መንገድ እናብጅ። ሰው ተታለልኩ ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ሰዓት ወርቅ ነው፤ ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር አገልግሎት ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፣ ቁጥሩንና መልእክቱን ሳያጠፉ ይዞ ፖሊስ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙዎች ግን ያን ሰዓት በኀፍረት ያቃጥሉታል። ሚስት ለባል፣ አባት ለልጅ መናገር ያፍራል፤ ሲናገር የሚጠብቀው ሳቅ እንደሆነ ያውቃላ። አጭበርባሪው በሳቃችን ነው ጊዜ የሚያገኘው። ዕድሮቻችን አንድ ማንበብና ስልክ መጠቀም የሚችል ወጣት መድበው «ተታልያለሁ ያለ ሰው ማንም ሳይጠይቀው እሱን ይዞ ወደ ባንክና ወደ ፖሊስ ይሂድ» ቢሉ ወጪው ምንድን ነው? ለቀብር ድንኳን የሚተክል ዕድር ይህ አይከብደውም።

ያኔ ደግሞ የሚሄደው ማን እንደሆነ አይመረጥ። ከጫካ ማገዶ ተሸክማ ቦንጋ ገበያ የመጣች ሴት፣ ዋጋውን ተስማምቶ ወስዶ «ነገ እከፍልሻለሁ» ያላትን ሰው ይዛ ብትመጣ፣ ስሟን ከመስማታችን በፊት የማን ወገን እንደሆነች መጠየቃችንን እንተው። ክፍያዋ ስንት ነበር? ማን አየ? መቼ ነው ቀጠሮው? የሚጠየቀው ይህ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ቡና ሚዛን ማረጋገጥና ለማን አቤት እንደሚባል ከባለሙያ ጋር እንነጋገራለን። በአካባቢያችሁ ገበያ የገጠማችሁን በደብዳቤም በስልክም ላኩልን፤ የሰው ስም አንጠራም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)